ኦሃዮ ሐይቅ ዳር ፍላሚንጎ አየሁ፣ ከየት መጡ?

የማሂ እናት (ዴይተን)
ሰላም ቤተሰብ። ዓርብ ዕለት ልጄን ይዤ ሲዘር ክሪክ ሐይቅ ሄጄ ነበር። ሰው ዳር ላይ ተሰብስቦ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ጠጋ ስል ሁለት ፍላሚንጎ፣ እነዚያ እግረ ረጅም ወፎች! አንዷ ቀይ ናት፣ ሌላዋ ግን አመድማ። አመድማዋ አንገቷን ጀርባዋ ላይ ጠቅልላ፣ አንድ እግሯን አጥፋ ውሃው ውስጥ ቆማ ተኝታለች። ኦሃዮ አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ከዙ (ከእንስሳት ማቆያ) ውጭ አይቼ አላውቅም። አምልጠው ይሆን? አመድማዋስ ታማ ነው? ማሂ ዳቦ ካልሰጠኋቸው ብላ አለቀሰች። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ከዓይኔ አልጠፉም።

ወፍ ወዳድ (ቨርጂኒያ)
እህቴ፣ ታድለሽ! ነፋስ ነው ያመጣቸው። ሃሪኬን ኢዳሊያ የተባለው ከባድ የባሕር ዐውሎ ነፋስ ኦገስት 30፣ 2023 ፍሎሪዳን ከመምታቱ በፊት በሜክሲኮዋ ዩካታንና በኩባ መካከል ነው ያለፈው፣ ያ አካባቢ ደግሞ የአሜሪካ ፍላሚንጎ ቤቱ ነው፣ እና በዚያ ሰዓት ባሕሩ ላይ ሲበሩ የነበሩትን ጠራርጎ ወደ ሰሜን ወሰዳቸው። አንቺ ያየሽው በሁለተኛው ቀን ነው። ሰሞኑን ቴነሲም፣ ኬንተኪም፣ ፔንሲልቫኒያም ታይተዋል።
አመድማዋ አልታመመችም፣ ልጅ ስለሆነች ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከሚበሉት አልጌና ከትንንሽ የውሃ ነፍሳት ነው፣ ሙሉ ለሙሉ እስኪቀሉ ዓመታት ይፈጃል። ዳቦ ግን በፍጹም። ምንቃራቸውን ገልብጠው ውሃ እያጣሩ ነው የሚበሉት።
እግራቸው ላይ ቀለበት ነበር? እ.ኤ.አ. በ2005 ካንሳስ ካለ ዙ ያመለጠ ከታንዛኒያ የመጣ ፍላሚንጎ ነበር፤ ቴክሳስ ባሕር ዳር በታየ ቁጥር ይለዩት የነበረው እግሩ ላይ ባለው 492 የሚል ቀለበት ነው።

የማሂ እናት (ዴይተን)
ተባረክ ወንድሜ። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፣ ቀለበት የለም። የቀይዋ ምንቃር ጫፉ ጥቁር ነው።

አቤል (ኮሎምበስ)
ታዲያ ዝም ብሎ ማየት ነው? ክረምት መጣ እኮ። ተይዘው በመኪና ፍሎሪዳ ቢመለሱ አይሻልም?

የነገሌ ልጅ
አቤል፣ ሐሳብህ ከደግነት ነው፣ ግን አይሆንም። እኔ አርሲ ነገሌ ነው ያደግኩት፣ አቢጃታና ጭቱ ሐይቅ ዳር። እኛ ጋ የሚበዛው ትንሹ ፍላሚንጎ ነው፣ ምንቃሩ ጠቆር ያለ ቀይ፣ የእናንተው ሌላ ዘር ነው፣ ጠባዩ ግን ያው ነው። ልጆች ሆነን እንዲነሱልን እየሮጥን እናባርራቸው ነበር። ሲነሱ በጣም ያምራሉ፣ ሰማዩ በሙሉ ይቀላል። በኋላ ነው የገባኝ፤ ወፉ ለመነሳት ውሃው ላይ ብዙ እርምጃ መሮጥ አለበት፣ በእያንዳንዱ መነሳት የበላው ጉልበት ይሄዳል። አሁን ሳስበው ያመኛል። የእናንተዎቹ ደግሞ ከማዕበል የወጡ ናቸው፣ የሚፈልጉት ዕረፍት ብቻ ነው። ለመያዝ ብትሞክሩ ያለቻቸውን አቅም ታስጨርሷቸዋላችሁ። ክንፋቸው ደህና ከሆነ ሲጠግቡና ሲያርፉ ራሳቸው ይሄዳሉ። ክንፉ የተንጠለጠለ ወይም መቆም ያቃተው ካያችሁ ግን ለስቴቱ የዱር እንስሳት ቢሮ ደውሉ። ውሾቻችሁንም አደራ እሰሩ።

የማሂ እናት (ዴይተን)
ቅዳሜ ተመልሰን ሄደን ነበር፣ የሉም። ማሂ አኩርፋ ነበር፣ አሁን የጻፍከውን አነበብኩላት። ወደ ቤታቸው ሄደው ነው አለችኝ።

ሳሚ (ሚልዋኪ)
ይሄን ጥያቄ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስላገኘሁት ይቅርታ፣ ግን ለማሂ ንገሪያት፦ ዛሬ ሴፕቴምበር 22 እዚህ ዊስኮንሲን፣ ፖርት ዋሽንግተን፣ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር አምስት ሆነው ቆመዋል! ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ማዕበሉ እግራቸውን እየመታ፣ አምስቱም ተጠጋግተው። ሰዉ ብዙ ነው፣ ግን ማንም አልቀረባቸውም፣ አንዲት ሴትዮ ውሻዋን አቅፋ ነበር የቆመችው።