ደንገጎ ዳገት ላይ ማርሽ መቀነስ አቃተኝ

አቦ የከባድ መኪና ሰዎች፣ አንድ ነገር አስረዱኝ። የምሠራው ድሬዳዋ ነው፣ ከአይሱዙ ወደ ተሳቢ ከዞርኩ 2 ወሬ ነው። መኪናው ባለ 10 ማርሽ ነው፣ ካምቢዮው ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሲቀየር የጥርሶቹን ፍጥነት ራሱ የሚያመጣጥን) የለውም።

ስጨምር ችግር የለም። የሞተሩ ዙር በደቂቃ 1500 ላይ ሲሆን ነዳጅ ለቅቄ ወደ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት ቦታ) አወጣለሁ፣ ዙሩ 1100 አካባቢ ሲወርድ ፍሪሲዮን ሳልረግጥ እንኳ ልስልስ ብሎ ይገባል።

ጉዱ መቀነስ ላይ ነው። ትናንት 400 ኩንታል ጭኜ ወደ ሐረር ስወጣ፣ ደንገጎ ላይ ከ4ኛ ወደ 3ኛ ልቀንስ ፎሌ አወጣሁ፣ ነዳጅ ሰጠሁ፣ ግን ዙሩን እስካነሳ መኪናው ፍጥነቱን ጨረሰና ካምቢዮው ጮኸ፣ ማርሹም አልገባ አለ። በፍሬን ቆምኩ። ረዳቴ ታኮ ይዞ ዘለለ፣ ከኋላ ሚኒባሱ ጡሩምባውን ያቀልጠዋል፣ በ1ኛ ነው የተነሳሁት።

ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጥኩም ሞክሬያለሁ። ሜዳ ላይ ይሠራል፣ ዳገት ላይ እዘገያለሁ። አንድ አንጋፋ ሹፌር «ፍሪሲዮኑን እርሳው፣ በጆሮህ ስማ» አለኝ፤ ጆሮዬ ገና አልደረሰም መሰለኝ።

ጭነት ይዛችሁ ዳገት ላይ ስትቀንሱ፣ ዙሩ ስንት ሲደርስ ነው ማርሹን የምታወጡት፣ ያውስ በፍሪሲዮን ነው ያለ ፍሪሲዮን?