የሚያበራው ሰይፍ የቻርጅ ቀዳዳ ይውጣለት ወይስ ባትሪው እየወጣ ይሞላ?

ሰይፍ ሠሪው፦ ለትያትራችን የሠራሁትን የሚያበራ ሰይፍ ታውቁታላችሁ። እጀታው የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። ውስጡ አንድ 18650 የሚባል ድቡልቡል የሊቲየም ባትሪና የኤልኢዲ ገመድ አለ። ቻርጅ ባለቀ ቁጥር ክዳን መፍታት ሰልችቶኛል። እጀታው ጫፍ ላይ የታይፕ ሲ ቀዳዳ ላወጣለት ነው። የሚቃወም አለ?

ዕቃ ጠባቂዋ፦ እኔ አለሁ። መጋረጃና አልባሳት በሞላበት ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ የሚያድር ሊቲየም አልፈልግም። ቀዳዳ ካለው ሰው ይሰካዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ባትሪው ሲወጣ ግን ቢያንስ በዓይኔ አየዋለሁ። ሽፋኑ የተላጠ፣ የዛገ፣ የተጨረመተ ከሆነ ይለያል።

ጀማሪው፦ የስልካችንም ባትሪ እኮ አይወጣም። ይኸው ትራስ ሥር አድርገነው እንተኛለን።

ጥገና ቤት፦ አንተ ልጅ፣ እሱን ተው! ስልክና ርካሽ የቻርጅ ቦርድ አንድ አይደሉም። አብዛኛው ሰው የሚገጥመው ቲፒ 4056 የሚባለውን ነው። ክፉ ቦርድ አይደለም፤ አንድ ባትሪ እስከ 4.2 ቮልት ሞልቶ ያቆማል። ግን የሚያቆመው ከረንቱ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ነው። እየተሞላ መብራቱ ከበራ ኤልኢዲው መሳቡን አይተውም። ቦርዱ ባትሪው ገና ያልጠገበ ይመስለዋል፤ መሙላቱን ይቀጥላል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ቦርዱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለ1 አምፔር ተስተካክሎ ነው። 5 ቮልት ገብቶ ባትሪው 3.7 ላይ ከሆነ፣ 1.3 ዋት ያህሉ እዚያችው ቺፕ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ጠረጴዛ ላይ ምንም አይደል። የተዘጋ ቧንቧ ውስጥ፣ ባትሪው ጎን ግን አልወድለትም።

ሰይፍ ሠሪው፦ ታዲያ ቻርጀሩ ውጭ ይሁን። ባለ 2.1 ሚሊ ሜትር ክብ ሶኬት ልግጠም። ሲሰካ ውስጡ ያለው ኮንታክት ተላቆ መብራቱን ይቆርጠዋል። የሚያበራ ሰይፍ የሚሠሩ ሰዎች ሲጠቀሙበት አይቻለሁ።

ዕቃ ጠባቂዋ፦ የዋይፋይ ሳጥኑ ቻርጀር ጫፉ እንደዚያው አይደለም እንዴ?

ጥገና ቤት፦ ነው! ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው። አንድ ቀን አንዱ ያገኘውን ይሰካበታል። ልክ ነሽ፣ ክቡ ይቅር።

ከጀርመን፦ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የባትሪ ደንብ ወደ እሷ ያደላል። ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ፣ ከአንዳንድ ዕቃዎች በቀር፣ ተጠቃሚው ባትሪውን ራሱ አውጥቶ መቀየር መቻል አለበት። ያው ኅብረት ግን ስልክ በታይፕ ሲ እንዲሞላም ያስገድዳል። ስለዚህ አንዱን ካልመረጣችሁ የሚል የለም።

ሰይፍ ሠሪው፦ እኔ ለገበያ አላወጣው፣ ምን አገባኝ?

ዕቃ ጠባቂዋ፦ ባትሪውንስ ከየት አመጣኸው?

ሰይፍ ሠሪው፦ ከአሮጌ ላፕቶፕ ፈትቼ።

ዕቃ ጠባቂዋ፦ ይኸው!

ጥገና ቤት፦ ዕድሜውን የማናውቀው ባትሪ ቧንቧ ውስጥ ታሽጎ አይሞላም። በዚህ አልደራደርም። አዲስ ግዛ፤ ሽቦ አትበይድበት፣ በመያዣ ይቀመጥ። ቦርዱ ላይ ከረንቱን የምትወስነውን የ1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በ2 ኪሎ ኦም ቀይራት፤ ወደ 0.58 አምፔር ይወርዳል። ይዘገያል፣ ሙቀቱ ግን ይቀንሳል። ማብሪያው ባለ ሁለት መንገድ ይሁን፦ ወይ ይሞላል ወይ ያበራል።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ የእኔ ቦርድ ታይፕ ሲ ሆኖ በስልኬ ቻርጀር እምቢ አለኝ እኮ።

ጥገና ቤት፦ ገመድህ ሁለቱም ጫፉ ሲ ነው? እንግዲያው ቻርጀሩ ኃይል እንዲሰጥ የሚነግሩት ሁለቱ የ5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ቦርድህ ላይ የሉም ይሆናል። በአሮጌው ሰፊ ጫፍ ገመድ ሞክረው።

ሰይፍ ሠሪው፦ እሺ፣ ቀዳዳም ይኖረዋል፣ ክዳኑም በብሎን ይከፈታል። ተስማማን?

ዕቃ ጠባቂዋ፦ የሚሞላው በቀን፣ እኔ እያየሁት፣ ሲሚንቶ ላይ ከሆነ። ገመዱ ደግሞ እኔ ጋ ያድራል።