ያለ አምፕ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ለሚሰካ ጊታር የትኛው ርካሽ ፔዳል ይሻላል?

የሐይቅ ዳር ጊታር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ሐይቁ ዳር በሚገኝ አንድ ሆቴል ከአራት ጓደኞቼ ጋር እጫወታለሁ። መድረኩ ላይ የጊታር አምፕ (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላ፣ የራሱ ስፒከር ያለው ሳጥን) የሚባል ነገር የለም፤ ኪቦርዱም፣ ቤዙም፣ የእኔም ጊታር በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ይሰኩና በሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች ይወጣሉ። እስካሁን የምጠቀመው አንድ ተራ ኦቨርድራይቭ ፔዳል (በእግር የሚበራ፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክር ትንሽ ሳጥን) ነው። በጓደኛዬ ትንሽ አምፕ ስሞክረው ደስ የሚል ድምፅ የሰጠኝ ይኸው ፔዳል፣ ሆቴሉ ሚክሰር ላይ ሲሰካ ቀፎዋ የተነካባት ንብ ይመስላል። ሳውንድ ማናችን «ሃዩን ቀንሼልሃለሁ» ይለኛል፣ ቀጭኑን ድምፅ ማለቱ ነው፤ ሲቀንሰው ደግሞ ጊታሩ ጋቢ የተከናነበ ያህል ይታፈናል።

የታወቁትን የድሮ አምፖች ድምፅ የሚያስመስሉ ርካሽ ፔዳሎች እንዳሉ ሰምቼ ሳፈላልግ የጆዮን «አሜሪካን ሳውንድ»፣ «ብሪቲሽ ሳውንድ» እና «ኤሲ ቶን»፣ እንዲሁም የቤሪንገርን «ቲኤም300» አገኘሁ። ዋጋቸው ከ30 እስከ 50 ዶላር አካባቢ ስለሆነ አንዱን ብቻ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ማስመጣት እችላለሁ። ጊታሬ የስትራት ቅርጽ ያለው፣ ሦስት ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበል፣ ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ማግኔት) ያለው ነው። የምንጫወተው በአብዛኛው የቆዩ የአማርኛ ዘፈኖችን፣ የሲዳምኛ ዘፈኖችንና ጥቂት ኢትዮ ጃዝ ነው። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

ባለ ስድስት ክር፦

ወንድሜ፣ ያንን የንብ ድምፅ እኔም በወጣትነቴ ብዙ ታግዬዋለሁ። ጥፋቱን በፔዳልህም በሳውንድ ማኑም ላይ አታድርግ። የጊታር አምፕ ውስጥ ያለው ባለ 12 ኢንች ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ (በሰከንድ 5,000 ንዝረት) ገደማ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ እምብዛም አያወጣም፤ ኦቨርድራይቭ የሚፈጥረው ሻካራ ጫፍ እዚያው ስለሚቀር ወደ ጆሯችን የሚደርሰው የተገራው ክፍል ነው። የሆቴሉ ስፒከር ግን የተሠራው ለዘፋኝና ለሲምባል ጭምር በመሆኑ፣ የጆሮ መስሚያ ዳርቻ እስከሆነው እስከ 20,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ሁሉ ሳይመርጥ ያወጣዋል። ስለዚህ ከአምፑ ስም በፊት ፔዳሉ ስፒከሩንም ያስመስል እንደሆነ ጠይቅ። የጠቀስካቸው አራቱም ያስመስላሉ፤ ለአንተ መድረክ የሚሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ቀን እውነተኛ አምፕ ብታገኝ ግን እነዚሁ ፔዳሎች ድምፁን እንደሚያደበዝዙብህ ከአሁኑ እወቅ፤ ድምፁ በሁለት ስፒከር የተጣራ ያህል ስለሚሆንና የጆዮዎቹ ላይ ይህንን ማጣሪያ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ስለሌለ ነው።

መንገዱን የጠረገው የኒው ዮርኩ ቴክ 21 ነው። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 «ሳንዝአምፕ» የተባለውን ሳጥን ያወጣው ጊታረኛ አምፕ ሳይሸከም በቀጥታ ስቱዲዮ ሚክሰር ላይ እንዲሰካ ብሎ ነበር። ቲኤም300 የዚሁ ድርጅት «ጂቲ2» ቅጂ ነው፤ የጆዮዎቹ ሦስቱም ድርጅቱ በኋላ ያወጣቸውን ፔዳሎች ተከትለው የተሠሩ ናቸው። ቅጂ መሆናቸውን የሚነቅፍ አይጠፋም። እኔ አልነቅፍም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የተሠራው የመጀመሪያው ማርሻል፣ ጄቲኤም45፣ ራሱ የአሜሪካኑን ፌንደር ቤዝማን ሰርኪዩት ተከትሎ የተሠራ ነበርና።

ወደ ምርጫው ስመጣ፣ «አሜሪካን ሳውንድ»ን ውሰድ እልሃለሁ። የሚያስመስለው ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሠራውን አነስተኛውን ባለ ትዊድ ጨርቅ ዴሉክስ ነው፤ በቀስታ ሲመታ ጥርት ያለ፣ ጠበቅ ተደርጎ ሲመታ ትንሽ የሚጎረብጥ ድምፅ አለው። «ብሪቲሽ ሳውንድ» ወደ ማርሻል ያደላል፤ ሮክ ካልተጫወትክ ድራይቩ (ድምፁን የማሻከሩ መጠን) ይበዛብሃል። «ኤሲ ቶን» የቮክስ ኤሲ30ን ድምፅ ይከተላል፤ ከፍተኛው ድምፅ ደወል ደወል ስለሚል ከዘፋኝ ጀርባ ለሚመታ ሪትም ያምራል፣ ነገር ግን ከሲንግል ኮይል ጋር አንዳንዴ ጆሮ ይወጋል።

ድራይቭን በተመለከተ የእኛ ቅኝት የራሱ ጠባይ እንዳለው አትርሳ። አንቺሆዬን ከዶ ብትጀምር ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ትላለህ፤ ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ በግማሽ እርከን ብቻ ይራራቃሉ። ድራይቩ በዝቶ ሳለ እነዚህን ተጎራባች ድምፆች ተደራርበው እንዲሰሙ ከተውካቸው፣ ፔዳሉ ከሁለቱ ድምፆች ያልነበረ ሦስተኛና አራተኛ ድምፅ ይፈጥርና ዜማው ይጨቀያል። ትዝታ ሜጀር በዚህ በኩል የዋህ ነው፤ ግማሽ እርከን ስለሌለው ድራይቭ ቢበዛም ይታገሣል። ስለዚህ ድራይቩን የምትለካው በአንቺሆዬ ይሁን፤ አንቺሆዬ ላይ ካልተጨቀየ ሌላው ላይ አያስቸግርህም። ባሱንና ትሬብሉን (የወፍራሙንና የቀጭኑን ድምፅ ቁልፎች) የሰዓት ፊት ላይ 12 ቁጥር በሚገኝበት ቦታ ጀምረህ (ስድስት ሰዓት የምንለውን ማለቴ ነው) ከዚያ በጥቂቱ አንቀሳቅስ፤ መሐሉ ላይ ሲሆኑ አይጨምሩም አይቀንሱም።

ሚክሰር ጀርባ፦

እኔ የምሠራው በሳውንድ በኩል ስለሆነ ከጋሼ በላይ ስለ ድምፁ አልናገርም፤ ሁለት ነገር ግን ልጨምር።

አንደኛ፣ የጆዮ ፔዳሎች ሲጠፉ ጊታሩን ያለ ምንም ማጉያ ያሳልፋሉ። ጊታር የኤሌክትሪክ መቋቋሙ 1 ሜጋኦም (1,000 ኪሎኦም) ገደማ የሆነ ግቤት ሲፈልግ የሚክሰር ላይን ግቤት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎኦም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፔዳሉን በእግርህ ባጠፋህ ቁጥር ጊታርህ በአንድ ጊዜ ይደክማል፣ ይታፈናልም። ፔዳሉን አብርተህ ተወው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ስትፈልግ የጊታሩን ቮልዩም ዝቅ አድርግ። ሳውንድ ማንህ ስለ ሃይ ሲናገር የነበረው በከፊል ይህን ሳያውቅ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከመድረኩ እስከ ሚክሰሩ ያለው ርቀት ከ6 ሜትር ከበለጠ በጊታር ኬብል አትጓዝ፤ እያጉረመረመ የመብራት ድምፅ ይሰበስባል። ዲአይ ቦክስ (የጊታሩን ሲግናል ለማይክ ኬብል የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) መድረኩ ላይ አስቀምጥና ከዚያ በማይክ ኬብል ውሰደው። ዲአይው ፓሲቭ (ያለ ኃይል የሚሠራ) ከሆነ ሚክሰሩ በማይክ ኬብሉ የሚልከው 48 ቮልት አያስፈልገውም።

አቶቴ፦

ከሁለታችሁም በጥቂቱ እለያለሁ። አንድ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ሳጥን ከማስመጣት፣ ትንሽ ጨምሮ እንደ ዙም ጂ1 ፎር ያለ መልቲ ኢፌክት ቢገዛ የብዙ አምፕ አምሳያ፣ ሪቨርብ (በሰፊ አዳራሽ እንዳለ የሚያስተጋባ ድምፅ)፣ ዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ የሚደግም) እና መቃኛ አብሮ ያገኛል። በአራት ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ መሥራቱም መብራት ሲጠፋ ያድናል። የኢትዮ ጃዝ ጊታር ያለ ሪቨርብ ደግሞ ደረቅ ነው።

ባለ ስድስት ክር፦

አቶቴ ያልከው ስህተት የለበትም፤ እንዲያውም ስለ ሪቨርቡ ትክክል ነህ። የእኔ ጥርጣሬ ሌላ ነው፦ ብዙ ልጆች መልቲ ኢፌክት ገዝተው ዘፈኑ ሊጀመር ሲል ከመጫወት ይልቅ ስክሪን ሲያገላብጡ አይቻለሁ። ስድስት ቁልፍ ያለው ሳጥን ጨለማ ውስጥም በጣት ይነበባል። ሪቨርቡን ለጊዜው ከሚክሰሩ መጠየቅ ይቻላል።

የሐይቅ ዳር ጊታር፦

ጋሼ፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ምክርዎን ተቀብዬ «አሜሪካን ሳውንድ»ን አዝዣለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ ስለ አዳፕተር ነው። ከፔዳሉ ጋር አዳፕተር ስለማይመጣ የኪቦርዳችንን የያማሃ አዳፕተር ብጠቀምስ? ሶኬቱ የሚገጥም ይመስላል።

ሚክሰር ጀርባ፦

እባክህ እንዳትሞክረው! የያማሃ ኪቦርድ አዳፕተር በአብዛኛው 12 ቮልት ሲሆን ፖዘቲቩ መሐል ላይ ነው፤ ፔዳሉ ግን 9 ቮልትና መሐሉ ኔጌቲቭ የሆነ ይፈልጋል። አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ክብ ውስጥ ነጥብ ያለበት ሥዕል አለ፤ ነጥቡ ከመቀነስ ምልክት ጋር የተያያዘውን ብቻ ግዛ። ተስማሚ እስክታገኝ ድረስ በአራት ማዕዘኑ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ ጄኔሬተር ሲነሣ የሚመጣው ጉርምርምታም በባትሪ ጊዜ ብዙ ይቀንሳል። ከጨዋታ በኋላ ከጊታሩ የሚመጣውን ኬብል ከፔዳሉ መግቢያ ሶኬት ላይ ካልነቀልከው ባትሪው ሌሊቱን ሲያልቅ ያድራል።

የሐይቅ ዳር ጊታር፦

ፔዳሉ ደርሶኝ ሁለት ቅዳሜ ተጫወትኩበት። የመጀመሪያው ቀን በባትሪ፣ ሁለተኛው ቀን እንደተባልኩት ምልክቱን አይቼ በገዛሁት አዳፕተር ነበር። ንቧ ሄዳለች። ድራይቩን በአንቺሆዬ ስለካው ካሰብኩት በታች፣ ከሩብ ዙር ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ፤ «ቮይስ» የተባለውን ቁልፍ ወደ ግራ ሳዞረው ድምፁ ስለሚለዝብ ለትዝታ እዚያ አድርጌዋለሁ። ዲአይ ቦክስ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጓደኛዬ ተውሼ ጉርምርምታው ጠፍቷል። ያልተፈታው ነገር ሪቨርቡ ነው፤ ሳውንድ ማናችን ለዘፋኙ የሚሰጠውን ሪቨርብ ለጊታሩም ሲያካፍል ዘፋኙ «የማን ድምፅ ነው የሚያስተጋባው?» ብሎ መሐል ላይ ዘወር ይላል። ለዚህ የሚሆን ርካሽ ሪቨርብ ፔዳል የሚያውቅ ካለ፣ ከአምፕ አስመሳዩ በፊት ወይም በኋላ መሰካት እንዳለበት ጨምሮ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ባለ ስድስት ክር፦

በኋላ ሰካው። ከፊቱ ካደረግከው አስተጋቢው ድምፅ ራሱ በድራይቩ ውስጥ አልፎ ይሻክራል፤ ትዊድ አምፕ ውስጥ ሪቨርብ ስላልነበረም ድሮ በቀረጻ ላይ የሚጨመረው ከአምፑ በኋላ ነበር። ጊታር፣ «አሜሪካን ሳውንድ»፣ ሪቨርብ፣ ዲአይ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን።