ክርክር፦ ለወላጅ የሚገዛ ላፕቶፕ ያገለገለ ይሁን ወይስ ከካርቶኑ ያልወጣ?

የመምህርቷ ልጅ (አዲስ አበባ)፦ እናቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። የድሮ የማስተማሪያ ማስታወሻዎቿን በአማርኛ መተየብ ትፈልጋለች። ሌላው ቴሌግራም፣ ፎቶ፣ ውጭ አገር ካሉት ልጆቿ ጋር የቪዲዮ ጥሪ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደህና የሚባል አዲስ ላፕቶፕ ከአቅሜ በላይ ሆኗል። በያዝኩት ብር ወይ ሴሌሮን የሚባል አነስተኛ ፕሮሰሰር ያለው አዲስ ላፕቶፕ ባለ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ፣ ወይ ለቢሮ ከሚሠሩት ውስጥ ያገለገለ የሌኖቮ ቲንክፓድ ወይም የዴል ላቲቲዩድ ነው የማገኘው። ወንድሞቼ ለእናት ያገለገለ ዕቃ አይሰጥም ብለው ድርቅ ብለዋል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ዲሲ ያለው፦ እኔም ከወንድሞችሽ ጋር ነኝ። ያገለገለ ዕቃ ዋስትና የለውም፣ ማን እንደተጠቀመበትም አይታወቅም። እናትሽ ሱቅ እየተመላለሱ ከነጋዴ ጋር የሚጨቃጨቁበት ዕድሜ ላይ አይደሉም። ለእኛ አዲስ እየገዙ ራሳቸው በአሮጌ ያሳለፉ ወላጆች አንድ ጊዜ እንኳ ካርቶን ከፍተው አዲስ ዕቃ ቢያወጡ ምን አለበት?

የመርካቶው ጠጋኝ፦ ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን እነዚያ አዲስ ሴሌሮኖች ሲያስቸግሩ የሚመጡት እኔ ጋ ነው። 64 ጊጋው ኢኤምኤምሲ የሚባለው የማከማቻ ዓይነት ነው፤ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በሌላ አይቀየርም። ዊንዶውስ ብቻውን ግማሹን ያህል ይወስደዋል፤ ትንሽ ፎቶ ሲጨመርበት አፕዴት የሚያርፍበት ቦታ ይጠፋል። ራሙም ብዙ ጊዜ እንደዚያው የተበየደ ነው። ለቢሮ ተብሎ የተሠራው ግን ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ማከማቻውም ባትሪውም ይቀየራል፣ መለዋወጫውም ይገኛል። ቲንክፓድ ቲ480 ከውስጥ አንድ፣ ከውጭ የሚነቀል ሌላ ባትሪ አለው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ፍራንክፈርት ያለችው፦ ያገለገለ ይሁን ከተባለ የትኛው ያገለገለ? ክርክሩ መሆን ያለበት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ለተመዘገበ ሰው የሚሰጠው ተጨማሪ የደኅንነት ጥገናም ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) በታች ያለውን አይቀበልም። የሞዴሉን ስም ብቻ አይተሽ እንዳትገዢ፤ ቲ480 ራሱ በ7ኛ ጀነሬሽንም ወጥቷል። የፕሮሰሰሩን ቁጥር አስከፍተሽ እይ። እዚህ የመጀመሪያው አኃዝ ጀነሬሽኑን ይነግርሻል፤ ኮር አይ5 8250 ከሆነ ግዢ፣ 7300 ከሆነ ተዪው።

የመርካቶው ጠጋኝ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። 7ኛውም ላይ ዊንዶውስ 11 እንጭናለን፣ ይሠራል። ዋጋውም ይቀንሳል። ማይክሮሶፍት አልፈልግም ስላለ ብቻ ጤነኛ ማሽን ይጣል?

ፍራንክፈርት ያለችው፦ መጫኑ ይጫናል። ግን ማይክሮሶፍት እንደዚያ ለተጫነ ማሽን አፕዴት ለመስጠት ዋስትና አልሰጥም ብሏል። አንተ ስትቸገር መፍትሔ ታውቃለህ፤ እናቷ ግን አንድ ቀን አፕዴቱ እምቢ ሲል ማን ጋ ይደውላሉ? ማሽኑ አይጣል ካልክ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጫንበት፤ አማርኛ ይጻፍበታል፣ ብሮውዘርም የጽሑፍ ፕሮግራምም አለው። ለደንበኛህ ግን ዊንዶውስ 11 አለው ብለህ ብቻ አትሽጥ፤ በምን መንገድ እንደተጫነ ንገረው።

ጡረተኛው (ባሕር ዳር)፦ ልጆቼ፣ ስለ እኛ ስታወሩ ስለ ዓይናችንም አስቡ እንጂ። እኔ 14 ኢንች ላይ ስጽፍ ከስክሪኑ ጋር ልጣበቅ ነው የሚቃጣኝ። ልጄ 15.6 ኢንች ገዝቶ የፊደሉን መጠን ወደ 150 በመቶ ከፍ ካደረገልኝ ወዲህ ያለ መነጽርም አነባለሁ። አማርኛው ከዊንዶውስ ጋር አብሮ አለ፤ በላቲን ፊደል እየነኩ በግእዝ መጻፍ ለሚቀለው ደግሞ ኪይማን የሚባል የመተየቢያ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ሌላው የኢንተርኔት ካርድ ነው። አፕዴቱ ጥቅሌን እየበላ ይጨርሰው ነበር፤ ልጄ ግንኙነቱን የተገደበ ብሎ አስተካክሎልኝ ቆመ። እናትሽን ሱቅ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ኪቦርዱን ራሳቸው ይንኩት።

ዲሲ ያለው፦ የኢኤምኤምሲው ነገር አሳምኖኛል፤ ያንን ሴሌሮን ግዢ አልልም። ስለ ያገለገለው ግን ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ከዚህ አገር ድርጅቶች የወጣ ማሽን ፎርማት ከተደረገ በኋላ ኢንተርኔት ሲያገኝ የድርጅቱን ስም አውጥቶ የሥራ ኢሜይል ካልገባ አላልፍም የሚልበት ጊዜ አለ። ባዮስ በሚባለው፣ ከዊንዶውስ በፊት በሚነሣው የማሽኑ ፕሮግራም ላይ ፓስወርድ ያለውም አለ። እንዲህ ያለውን ለእናት መስጠት ነው ያሳሰበኝ።

የመርካቶው ጠጋኝ፦ ልክ ነህ፣ አለ። ስለዚህ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ዊንዶውስ ከዜሮ ተጭኖ፣ ከስልክ ኢንተርኔት ተሰጥቶት እስከ መጨረሻው ይታይ። ባዮሱም ይከፈት። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ አዲስ ሳለ እንዲይዝ የተሠራበት አቅምና ዛሬ የሚይዘው ጎን ለጎን ይታያል። ግማሽ ከደረሰ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይቀነስ። ይህን አላደርግም ካለ ነጋዴ አትግዢ።

የመምህርቷ ልጅ፦ እሺ፣ 8ኛ ጀነሬሽን ያገለገለ፣ 8 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ 15.6 ኢንች ብዬ እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ከእናቴ ጋር እንሄዳለን። ወንድሞቼ ግን አሁንም አዲስ ካልሆነ እያሉ ነው።

ዲሲ ያለው፦ እንግዲያው የባትሪውን ገንዘብ እነሱ ያዋጡ። ውስጡ አዲስ ባትሪ ከገባለት እኔም ለእናቴ እገዛዋለሁ።

ፍራንክፈርት ያለችው፦ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ፎቶ አንስተሽ ከመክፈልሽ በፊት እዚህ ላኪው። ቅዳሜ ስልኬን እጠብቃለሁ።