«ሰንብት» የሚባለው ለሚሄድ ነው ወይስ ለሚቀር?

መንገደኛው፦
ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ስሄድ አጠገቤ አንዲት እናት ተቀመጡ። ዓባይ በረሃን ስንወርድ ክንዴን ይዘው እያማተቡ፣ ደጀንን ስናልፍ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ቆሎ ፈትተው እፍኝ እፍኝ እያካፈሉኝ ፍኖተ ሰላም ደረስን። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩላቸው። ሲነሱ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «በል ልጄ፣ ደህና ሰንብት፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» አሉኝ። እኔ «እሺ እማማ፣ እርስዎም» ከማለት ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እኔ ሳድግ «ሰንብት» የሚለው ሄያጁ ነው፤ የሚባለው ደግሞ ቀሪው። እዚህ ግን አገራቸው የገቡት እሳቸው፣ ገና መንገድ የሚቀረኝ እኔ። ታዲያ ማን ነበር «ሰንብት» መባል ያለበት?

የዋሸራው፦
መጀመሪያ ሥሩን እንያዝ። ሥሩ ሰንበት ነው። በግእዝ «አሰንበተ» ሰንበትን አከበረ፣ ዐረፈ ማለት ነው። አማርኛው «ሰነበተ» አለና ጥቂት ቀን ቆየ ለማለት አዋለው። «ተሰናበተ» ደግሞ «ሰንብት፣ ሰንብት» ተባባለ ነው። ስለዚህ የቆይታ ቃል ነው፤ የሚገባው ለቀሪ። ለሄያጅ የሚባለውንማ ቅዳሴ ያስቀደሰ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዲያቆኑ መጨረሻ ላይ «እትዉ በሰላም» ይላል። አተወ፣ ወደ ቤቱ ገባ። «በሰላም ግባ» የምንለው ነው። እናትየዋ ከልማድ ነው የተናገሩት።

ነቁጥ፦
ይቅርታ፣ እኔ ሰንበት የሚለው አይዋጥልኝም። ስንብት ከስንቅ ጋር ነው የሚሄደው ባይ ነኝ። ድሮ መንገደኛ ሲለያይ የተረፈውን ስንቅ ይካፈላል። ሴትዮዋም ቆሎ አካፍለውታል እኮ!

የዋሸራው፦
ቅ የት ገባች? ት ከየት መጣች? አምስት ዓመት ቅኔ ቤት የተቀመጥኩት ፊደል እንዲህ ሲበተን ዝም ብዬ ለማየት አይደለም ወንድሜ።

ፊደል ቆጣሪ፦
ሰንበት ራሱ ከሰባት የመጣ አይደለም? ሰባተኛ ቀን ስለሆነ።

የዋሸራው፦
አይደለም። ሰባት በግእዝ ሰብዐቱ ነው፤ ሰብዐቱ ዐይኑ «ዐ» አለበት፣ ሰንበት ዐይኑ «ዐ» የለውም። በዕብራይስጡም ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፤ ሻባት «አቆመ፣ ዐረፈ» ከሚለው ነው። የእኛው ነ ብቻ ናት ትርፍ የመጣችው፣ እሷም ጠብቆ ይነበብ በነበረው «በ» ምትክ ነው።

ነቁጥ፦
እሺ ስንቁን ተውኩት። «ጨርቅ ያድርግልህ» ግን ጨርቅ ምንድነው? ለንጉሥ ምንጣፍ እንደሚነጠፈው ይመስለኛል።

ፊደል ቆጣሪ፦
ጨርቅ በግእዝ ጸርቅ ነው። ለገና «በአጽርቅት ተጠብለለ»፣ በጨርቅ ተጠቀለለ፣ ሲባል የምንሰማው እሱ ነው። ጸልመ ጨለመ፣ ጼው ጨው እንደሆነው ጸ ወደ ጨ ዞራለች። እና ያ የሕፃን መጠቅለያ እንጂ የንጉሥ ምንጣፍ አይደለም። ለእኔ ልስላሴው ነው ምርቃቱ፤ ለእግርህ አይጎርብጥህ ነው።

ነቁጥ፦
በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ስለ እግር?

ፊደል ቆጣሪ፦
ቃሉ ከአውቶቡስ በፊት ነው የተወለደው።

ሀገሬ፦
ጥያቄው ተረሳ እኮ ጎበዝ። እኔ ጎጃም ነው ያደግሁት፣ ዲግሪ የለኝም፣ ቅኔም አልተማርኩም። ግን እስቲ ይኼን እዩልኝ። «ደህና ዋል» ለማን ነው? ለሚወጣውም ለሚቀረውም። «ደህና እደር»ም እንደዚያው። ማንም ዋል ሲባል ቤት ተቀምጠህ ዋል ማለት ነው ብሎ አያስብም። ሰንብትም ከዚያው መስመር ነው፦ ዋል፣ እደር፣ ሰንብት፣ ክረም። ሰውዬው የት እንዳለ አይናገርም። ሳንተያይ የምንቆየው ምን ያህል ነው የሚለውን ነው የሚናገረው። ማታ የምታገኘውን ሰው ሰንብት አትለውም፣ ይደነግጣል። እናትየዋ ምንም አልተሳሳቱም።

የዲሲዋ፦
ሀገሬ ልክ ነህ። እናቴ እዚህ እኔ ጋ ስድስት ወር ቆይታ ስትመለስ፣ ኤርፖርት ሻንጣዋ ተመዝኖ ካለቀ በኋላ አንገቴን አቅፋ «ደህና ክረሚ» ነበር ያለችኝ። ሰንብቺ አላለችም። ያኔ ዝም ብሎ ቃል ነበር የመሰለኝ። ለካ ቆጥራው ነው። መኪና ውስጥ ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

የዋሸራው፦
ዋልና እደር ላይ የተናገርከው ያስኬዳል፤ እቀበላለሁ። ሰነበተ ግን ቦታን ጨርሶ አይነካም ማለት ይከብደኛል። «እዚያው ሰነበተ» እንላለን።

ሀገሬ፦
ቦታውን «እዚያው» ነው የነገረህ እንጂ ሰነበተማ አይደለም። «እንዴት ሰነበትክ?» ስትባል የት እንደነበርክ ተጠየቅህ? «እግዜር ያሰንብትህ» ሲሉህስ ቦታ መረቁህ? ዕድሜ ነው የመረቁህ።

የዋሸራው፦
«ያሰንብትህ» ሌላውን የሚያቆይ አድራጊ ግስ ነው፤ ሰነበተ ሌላ ነው። የግሱን እርባታ ሳንለይ ትርጉም አናምታ።

መንገደኛው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሀገሬ መልስ ግን ሌላ ጥያቄ አመጣብኝ። ሰንብት ለጥቂት ቀን ከሆነ፣ እኔና እሳቸው እኮ ዳግም አንገናኝም። ስማቸውንም አልጠየቅኩ። እሳቸውም ያውቁታል። ከወረዱ በኋላ በመስኮቱ በኩል ዞረው መጡና መስታወቱን አንኳኩ፤ ስከፍተው የቀረችውን ቆሎ በእጄ ላይ ገለበጡልኝና ያንኑ «ሰንብት»ን ደገሙት። ለማይገናኙት ሰው ለምን ክረም አላሉም? ለምን ጭራሽ ትልቅ ቃል አልመረጡም?

ነቁጥ፦
ቆሎው የገብስ ነበር የሽንብራ?

መንገደኛው፦
የገብስ። ሱፍ የተቀላቀለበት።

የዋሸራው፦
ወደ እርባታው ልመለስ። አሰናበተ፣ አሰነበተ፣ አስሰነበተ፤ ሦስቱን ለይታችሁ ንገሩኝና እንቀጥላለን።