ላስ ቬጋስ የተቆረጠብኝን ግብር እንዴት ላስመልስ?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኝ ነው። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ። ላስ ቬጋስ በፖከር (የካርታ ቁማር) ውድድር 6,200 ዶላር አሸነፍኩ። ከውድድሩ የወጣሁት በጥንድ ንግሥት ገብቼ ተጋጣሚዬ በመጨረሻዋ ካርድ አስ ሲያወጣብኝ ነው። እሱስ ይሁን፣ ጨዋታ ነው።

ያንገበገበኝ ክፍያው ነው። ገንዘብ ከፋይዋ ፓስፖርቴን አገላብጣ አየችና 30 በመቶውን፣ 1,860 ዶላር ለግብር ቆረጠች። የጀርመንና የአሜሪካ የግብር ስምምነት የጀርመን ነዋሪን ከዚህ ግብር ነፃ ያደርጋል፣ ወሳኙ ዜግነት አይደለም ብላት፣ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ቁጥር ከሌለህ አይሆንም አለችኝ።

አሁን ገንዘቡን ለማስመለስ 1040-ኤንአር (የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ ሰው የግብር ማስታወቂያ ቅጽ) ሞልቼ፣ ለቁጥሩም ደብሊው-7 የተባለውን የማመልከቻ ቅጽ አያይዤ ልልክ ነው። ግን ለማንነት ማረጋገጫ ዋናውን ፓስፖርት በፖስታ መላክ ፈራሁ። ቢጠፋ በምን ልንቀሳቀስ ነው? አውሮፓ ያላችሁ፣ የተረጋገጠ ቅጂ ከየት አወጣችሁ? ኤምባሲያችን የሰጠውን የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ይቀበላል?