ኤዲኤችዲ ያለበት ወንድሜ ኮሌጅ ከገባ ወዲህ መጠጥ አበዛ፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ታናሽ ወንድሜ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር (ኤዲኤችዲ) አለበት። ጠዋት ጠዋት ቀኑን ሙሉ የሚሠራውን የሜቲልፌኒዴት ካፕሱል ይወስዳል። ኮሌጅ ገብቶ ዶርም ከያዘ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ መጠጣት ጀምሯል። «ዛሬ ሁለት ብቻ» ብሎ ይወጣል፤ ጓደኞቹ የመጀመሪያውን ሳይጨርሱ እሱ ሦስተኛውን ይዟል። አንዳንዴ ሊጠጣ ያሰበ ቀን መድኃኒቱን ይዘላል። ታላቅ እህቱ ነኝና ስናገረው «ሁሉም ይጠጣል» ይለኛል። እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ።

ፋርማሲስት ነኝ፦ እህቴ፣ ስጋትሽ ልክ ነው። ሜቲልፌኒዴት ያነቃቃል፣ አልኮል ያደነዝዛል፤ ግን አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። መድኃኒቱ ሞቅታውን ስለሚሸፍንበት ገና ያልጠጣ ይመስለውና ይደግማል። በዚያ ላይ አልኮል ደም ውስጥ ያለውን የሜቲልፌኒዴት መጠን ከፍ ያደርገዋል። ቀስ እያሉ እንዲለቁ ከተሠሩት ካፕሱሎች አንዳንዶቹ ደግሞ አልኮል ሲያገኛቸው ለቀኑ የታሰበውን ባንዴ ሊለቁት ይችላሉ። ልቡ ያለቅጥ ከመታ፣ ደረቱን ከወጋው ወይም ራሱን ከሳተ ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። መዝለሉም መፍትሔ አይደለም፤ «ይብቃኝ» ለማለት የሚያግዘውን ነገር ትቶ ነው የሚወጣው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦ እኔም ኤዲኤችዲ አለብኝ። «ሁሉም ይጠጣል» ለሚለው፦ በተማሪዎች ላይ በተሠሩ ጥናቶች እንደታየው እኛ ከሌላው እኩል ጠጥተን እንኳ ጣጣው ይበዛብናል፤ ጠብ፣ ከክፍል መቅረት፣ የሌሊቱን አለማስታወስ። እኔን የጠቀመኝ እያወራሁ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። እጄ ላይ ካለ ሳላስበው አፌ ይደርሳል። ከእያንዳንዱ መጠጥ በኋላም አንድ ብርጭቆ ውኃ። ስንት እንደምጠጣ ደግሞ ከመውጣቴ በፊት ለአንድ ጓደኛዬ እነግረዋለሁ፤ እዚያው ከደረስኩ በኋላ የወሰንኩት አይጸናም።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦ በጠጣበት ሌሊት አትናገሪው፣ በማግስቱም ራሱን እያመመው አትጀምሪ። ረጋ ባለበት ቀን «ከጠጣህ በኋላ እንቅልፍህ እንዴት ነው?» ብለሽ ጠይቂው። አልኮል ቶሎ ቢያስተኛም የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይረብሻል፤ ትኩረቱ በማግስቱ ይብስበታል። ይህን ራሱ ስለሚያየው አይከራከርሽም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የሚባል 10 ጥያቄ ያለው የመጠጥ ልማድ መመዘኛ አለ፤ ውጤቱ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያ ማየት አለበት። አንድ ነገር አደራ፦ በየቀኑ ብዙ መጠጣት ከጀመረ ድንገት አቁም አትበዪው። መንቀጥቀጥና የሚጥል ነገር ሊያመጣ ስለሚችል በሐኪም ክትትል ነው የሚቆመው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የካፕሱሉን ነገር አላውቅም ነበር። ለሐኪሙ እኔ ብነግረውስ?

ፋርማሲስት ነኝ፦ ከጀርባው ባይሆን ይሻላል፣ በአንቺ ላይ ያለውን እምነት ያጣል። አብረሽው ሂጂና ራሱ ይናገር። ሐኪሙ እውነቱን ካወቀ መጠኑን ሊያስተካክል ወይም እንደ አቶሞክሴቲን ያለ አነቃቂ ያልሆነ መድኃኒት ሊያስብለት ይችላል።